የተመረቀው ጥቅል

በወልቂጤ እኔን የማያውቅ ሰው ካለ ዛሬ ጠዋት የገባ መንገደኛ ነው፤ እሱም እስከ ማታ ያውቀኛል። ድንበሩ ሽብሩ እባላለሁ። ዕድሜዬ ሃምሳ አራት፣ ሥራዬ ገላጋይ መሥራት ነው። በተጣሉ ሰዎች መካከል የሚገባውን ገላጋይ ማለቴ አይደለም፤ ያንን ሥራ ብይዘው ኖሮ እስከ ዛሬ በአገሩ ጠብ የሚባል ነገር ባልኖረ። በባትሪ ሆድ ውስጥ፣ በሊቲየሙና በወዲያኛው ወገን መካከል የምትገባውን ከእንሰት ቃጫ የተሠራች ስስ ሽፋን ማለቴ ነው። ሁለቱ ከተነካኩ ይጋደላሉ። እሷ መካከላቸው ቆማ ኃይሉን ታሳልፋለች፣ እነሱን ግን አታገናኝም።

ሊቲየም ክፉ ነው። በሞላና በጎደለ ቁጥር ሆዱ ውስጥ እሾህ ያበቅላል። እሾሁ ገላጋይዋን በስቶ ማዶ የደረሰ ቀን ያ ቤት የለም። ድሮ በፕላስቲክ በሚሠሯት ጊዜ በየዓመቱ ይበሳ ነበር። የእኛን ቃጫ ግን አሥራ አምስት ዓመት ሙሉ አልበሳም። ይህን ያደረግሁት እኔ ነኝ። እሺ፣ ስልሳ ሰው ሆነን ነው። ግን እኔን ከስልሳው ላይ ብታነሱ የሚቀረው ሃምሳ ዘጠኝ ሰው አይደለም፤ ባዶ አዳራሽ ነው።

የምጽፈው ስለ አንድ ቀን ነው። መስከረም 14 ቀን 2091 ዓ.ም.፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ ሁለት ሰዓት። ከዚህ በታች ያሉትን ቁጥሮች አላጋነንኩም። የሚያጠራጥር ካለ መዝገብ አለ።

በዚያን ጊዜ፣ አሁንም እንደዚያው ነው፣ የእያንዳንዱ ሕንፃ ምድር ቤት ግድግዳ ነበረው። ግድግዳ ስንል ባትሪውን ነው። ቀን ፀሐይ ይጠጣል፤ ሲመሽ ስምንት ፎቅ ያበላል። ከነዋሪዎቹ አንዱ በየቀኑ ተረኛ ይሆንና ንጋት ላይ፣ በስድስት ሰዓትና በአሥራ አንድ ሰዓት መዳፉን ግድግዳው ላይ አሳርፎ «ደህና አድሯል» ወይም «ደህና ውሏል» ይላል። ድምፁ በየፎቁ ይሰማል። ማሽኑ ሙቀቱን ከሰውየው ቀድሞ ያውቀዋል፤ ቢሆንም ሰው እጁን ካላሳረፈበት ማንም እንቅልፍ አይወስደውም። ጫማ በር ላይ ይቀመጣል፣ አፍንጫው ወደ ደረጃው ዞሮ። ልጆች ከ«እማዬ» ቀጥሎ የሚማሩት ቃል «እሾህ» ነው፤ በጨዋታ ላይ ግን እንዲያነሱት አይፈቀድላቸውም። ደወሉ ጮኾ ያ ቃል ከተነገረ ሕንፃው በአራት ደቂቃ ውስጥ ባዶ መሆን አለበት። ምግብ የሚበስለው በተራ ነው፤ ግማሹ ፎቅ በአሥር ሰዓት፣ ግማሹ በአሥራ ሁለት። ሁሉም ባንድ ጊዜ ምድጃ ከለኮሰ ግድግዳው ያምጣል።

ደወሉ የሚጮኸው ደግሞ በሚዛን ነው። ቀደም ሲል አንድ ሰካራም «እሾህ» ብሎ በሐምሌ ዝናብ አንድ ሰፈር ሙሉ ሜዳ ላይ አፈሰሰ። አንዲት አራስና ሁለት ሽማግሌዎች በብርድ ሞቱ። ከዚያ ወዲህ ለእያንዳንዱ ሰው ምላስ ሚዛን ወጣለት። ማስጠንቀቂያ የሰጡት ሰዎች ሚዛን ተደምሮ አንድ ከሞላ ደወሉ ይጮኻል፤ ካልሞላ አይጮኽም። ቁጥብ መምህር ዜሮ ነጥብ ዘጠኝ ይመዝናል። እኔ ዜሮ ነጥብ ዜሮ ስድስት ነበርኩ። ቧንቧ ፈንድቶ ግቢያችን የራሰ ጊዜ «ሐይቅ ተፈጥሯል፣ ጀልባ ላኩ» ያልኩት እኔ ነኝ። አንድ ጅብ አይቼ አርባ ያልኩትም እኔ ነኝ። እኔን የመሰለ አሥራ ሰባት ሰው ቢሰበሰብ ደወሉን ያስጮኸዋል፤ ችግሩ እኔን የመሰለ ሁለተኛ ሰው አለመፈጠሩ ነው።

በዚያ ቀን ፋብሪካው ባዶ ነበር። የመስቀል ሰሞን፣ የጎመን ክትፎው ቀን ነው። ሠራተኛው ሁሉ ወደየቀዬው ገብቷል። «ያለ እኔ ይህ ፋብሪካ አንድ ቀን አያድርም» ስል ስለከረምኩ አለቃዬ ኢንጂነር ሙደስር ሳቅ ብሎ ቁልፉን እጄ ላይ ጣለልኝ።

ጠዋት አንድ ባለባጃጅ ያበጠ ባትሪ አምጥቶ ጥሎልኝ ሄዷል። ዘጠኝ ሰዓት ላይ በመስታወቱ ሳጥን ውስጥ አስገብቼ፣ እጄን በጓንቱ ሰድጄ ቀደድኩት። የመጀመሪያዋን ገላጋይ አውጥቼ በማጉያው ስር ዘረጋኋት። ጠርዟ ላይ ሦስት ነጠብጣብ አለ። ሁለቱ ተቀራርበዋል፣ አንዱ ራቅ ብሏል። በእያንዳንዱ ዙሪያ የሊቲየም እሾህ እንደ አጥር ቆሟል። ሁለተኛዋን ንብርብር አወጣሁ። እዚያው ቦታ፣ ሦስት ነጠብጣብ። ሦስተኛዋም እንደዚያው። በሰባተኛዋ ላይ እሾሁ ሊያልፍ የቀረው ከጸጉር ውፍረት ያነሰ ነው።

ሰው የእጅ ጽሑፉን ያውቃል። እኔ ምራቄን አወቅሁት።

ነገሩ የሆነው በየካቲት ነው። አዲሱ ማሽን የመጀመሪያውን ጥቅል ያወጣ ዕለት አሥራ ስድስት ሰዎች ሆነን በደረቁ ክፍል ውስጥ ቆመን ነበር። ደረቁ ክፍል ማለት ከዳሎል አምስት እጅ የደረቀ ነው፤ እዚያ ላብ እንደ ወንጀል ነው፣ ትንፋሽ እንኳ በቱቦ ይወጣል። ጥቅሉ ነጭ ሆኖ ቀጥ ብሎ ቆሟል። አዲስ ነገር ደግሞ ሳይመረቅ አይነካም። «በዕድሜ ትልቁ ይመርቅልን» አሉ። ተያየን። ትልቁ እኔ ነበርኩ። በሕይወቴ ሽማግሌ የተባልኩበት የመጀመሪያ ቀን ነው። እጄን ዘረጋሁ። «የገባሽበት ቤት አይጨልም! እሾህ ይራቅሽ! በልተው ይጥገቡብሽ፣ ወልደው ይሳሙብሽ!» አልኩ። እንዲህ ያለ ምርቃት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም በዚህ አገር አልተሰማም። እንትፍ ያላሉበት ምርቃት ደግሞ ንግግር እንጂ ምርቃት አይደለም። ጭንብሌን ከፍ አድርጌ፣ ወደ ጥቅሉ ጎንበስ ብዬ፣ እንትፍ፣ እንትፍ፣ እንትፍ።

አሥራ አምስት የተማረ ሰው «አሜን» አለ። አንድም ሰው ምን አደረግህ አላለኝም።

ጥቅሉ ቆሞ ስለነበር ምራቄ ያረፈው ጠርዙ ላይ ነው። የጥቅልን ጠርዝ የነካ ሁሉንም ንብርብር ነካ ማለት ነው። የፋብሪካው ምድጃ ውሃውን ያደርቃል፤ ጨውና ልጋጉ ግን ይቀራል። ቀዳዳዎቹ ይደፈናሉ፤ ማለፊያ ያጣው ኃይል በዳር በዳር ይሽቀዳደማል፣ እሾሁም እዚያው ይበቅላል።

የጥቅሉን ቁጥር ለማሽኑ ሰጠሁትና ወዴት እንደሄደ ጠየቅሁ። ከላዩ ለሦስት ባጃጆች። የቀረው በሙሉ ለብሎክ ዘጠኝ ግድግዳ።

ብሎክ ዘጠኝ ሰባተኛ ፎቅ ላይ እህቴ ውብርስት ትኖራለች። በዘወትር ቀን በሕንፃው ሁለት መቶ አሥራ ሁለት ሰው ያድራል። በመስቀል ግን ከአዲስ አበባም ከጅማም የተበተነው ቤተሰብ ይሰበሰባል፤ ስድስት መቶ ይሆናል። ለበዓል ደግሞ የምድጃ ተራ ይነሳል። በአሥራ አንድ ሰዓት ስምንቱም ፎቅ ባንድ ጊዜ ይለኩሳል።

ዘጠኝ ሰዓት ከአርባ ላይ ማስጠንቀቂያ ተቀብሎ የሚመዝነው የማስለቀቂያ ዴስክ ጋ ደወልኩ።

«ማስለቀቂያ፣ ሸምሲያ ነኝ።»

ሸምሲያ ስምንተኛ ክፍል አብራኝ አንድ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። አባቴ አውሮፕላን አለው ብዬ የነገርኳት ያን ጊዜ ነው።

«ሸምሲያ፣ ከተማው ሊነድ ነው!» አልኩ። አፌ ነው፤ እኔ አይደለሁም። «ሦስት ሺህ ሰው! እሾሁ ክንድ ክንድ ያህላል!»

«የትኛው ከተማ?»

«ብሎክ ዘጠኝ!»

«ብሎክ ዘጠኝ ሦስት ሺህ ሰው አይኖርም። እሾሁን በዓይንህ አይተሃል?»

«አይቻለሁ!»

«የት?»

«ባጃጅ ውስጥ።»

«ታዲያ የማስለቅቀው ብሎኩን ነው ባጃጁን?»

«የፋብሪካ ስህተት ነው፣ ሸምሲያ! ከባድ ስህተት ነው! በዓለም ታሪክ—»

«የማን ስህተት?»

መልሱ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ዋጥኩት። «የማሽን» አልኩ።

«የብሎክ ዘጠኝ ግድግዳ አረንጓዴ ነው። መዝግቤልሃለሁ። እንኳን አደረሰህ፣ ድንበሩ።»

ስልኬ ላይ መልእክት ገባ። ሚዛኔ ወደ ዜሮ ነጥብ ዜሮ አራት ወርዷል። ግድግዳው አረንጓዴ መሆኑ እውነት ነበር። እሾህ እስኪበሳ ድረስ ሁልጊዜ አረንጓዴ ነው፤ ከበሳ በኋላ ቀዩን ቆሞ የሚያይ የለም።

ቀጥዬ ሙደስር ጋ ደወልኩ። ልጅ እግር ነው፤ ሠላሳ ስምንት ቢሆነው ነው። በስተጀርባው ቢላዎች በጣውላ ላይ ጎመን ሲከትፉ ይሰማል፤ ተካ ተካ ተካ ተካ።

«ጋሼ ድንበሩ! ፋብሪካው ቆሟል?»

«የየካቲቱን ጥቅል ታስታውሳለህ? የመረቅሁትን?»

ሳቁ ተቋረጠ። ሙደስር መሐንዲስ ነው፤ እኔ አርባ ደቂቃ የፈጀብኝን እሱ በአንድ ትንፋሽ ጨረሰው። ከቢላዎቹ ራቅ ሲል የእግሩን ኮቴ ሰማሁ።

«ጠርዙን ነው?» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ጠርዙን ነው። ብሎክ ዘጠኝ ገብቷል። አንተ ከባድ ሚዛን አለህ፣ ሙዴ። አንተ ከተናገርክ ከእኔ ሌላ አንድ ሰው ብቻ ነው የሚጎድለን።»

«ምን ብዬ ልናገር? ክፍሉ የእኔ ነው እኮ። ጭንብልህን ስታነሳ ፊት ለፊትህ ቆሜ ነበር።» ትንፋሹ ይሰማኛል። «አሜን ብያለሁ፣ ጋሼ። እጄን ዘርግቼ ነው አሜን ያልኩት።»

«እኔም ተፍቻለሁ። ምን ይሁን?»

«እስከ በዓሉ ማግስት ይቆያል። ይቆያል አይደል? ሰባት ወር ቆየ እኮ።»

«ዛሬ የምድጃ ተራ የለም።»

ስልኩ ተዘጋ። መልሼ ብደውል አይነሳም። በወንድሙ ቤት ሃያ ዘመድ እየጠበቀው እንደነበር ኋላ ነግሮኛል፤ ስልኩን ኪሱ ከትቶ ተመልሶ ገባ፣ በላም። እኔ አልፈርድበትም። እኔም ለሸምሲያ «የማሽን» ብያታለሁ።

ሦስተኛው ለእህቴ ነው።

«እትዬ፣ አሁኑኑ ከቤት ውጪ።»

«ድንቡ! ምነው ዘገየህ? ቤቱ በሰው ጢም ብሏል፣ ቅቤው ወጥቷል…»

«ግድግዳው እሾህ አብቅሏል።»

«እሰይ! ስንት ሜትር?»

«እትዬ፣ ቀልድ አይደለም።»

«ጉልበቴን ከቀደዱኝ ገና አሥራ ሁለት ቀኔ ነው። ባለፈው ጣሪያው ሊወድቅ ነው ብለህ በነጠላ አስወጥተኸኛል። ያን ጊዜ ደህና እግር ነበረኝ።» ወደ ቤቱ ዞራ ስትናገር ሰማሁ፤ «ድንቡ ነው፤ ልንነድ ነው ይላል።» የብዙ ሰው ሳቅ። «ና ይልቅ ሳይቀዘቅዝ፣ ወንድሜ።»

ከፋብሪካው እስከ ብሎክ ዘጠኝ ሁለት ኪሎ ሜትር ተኩል ነው። በሩጫ ሄድኩ። ባጃጆች እየቀረቡ «ግባ አባባ» ይሉኛል፤ አንዱንም ዞሬ አላየሁም። በዕድሜዬ ማንም ያልሮጠውን ሩጫ ሮጫለሁ ልል ፈልጌ ነበር፤ እውነቱ ግን ሁለት ጊዜ ቆሜ አስመልሻለሁ።

አሥር ሰዓት ከሃያ አምስት ላይ ደረስኩ። በየበረንዳው ሰው አለ። የተከተፈ ጎመን በየጎድጓዳ ሳህኑ ተከምሯል። ምድር ቤት ገባሁ። የዕለቱ ተረኛ መምህር ቸርነት ይባላል፤ ጡረታ የወጣ የሂሳብ አስተማሪ ነው፤ ግድግዳው ፊት ወንበር አስቀምጦ ጋዜጣ ያነባል።

«ደወሉን ደውል፣ መምህር።»

«አረንጓዴ ነው።»

«ስለማያውቅ ነው አረንጓዴ የሆነው!»

«አንተስ በምን አወቅህ?»

«እንዲሁ አውቃለሁ» አልኩ።

መምህር ቸርነት መነጽሩን ገፋ አድርጎ አየኝ። ክፉ ሰው አይደለም። «ድንበሩ፣ የአንተ አራት መቶኛ ነው፣ የእኔ ዘጠኝ አሥረኛ። እኔ ብጨምርልህ እንኳ አንድ አይሞላም። ደግሞ ያላየሁትን አልጨምርም። በስልሳ ስምንት ዓመቴ ዋሽቼ ሚዛኔን ባወርድ የሚያምነኝ ማነው?»

«ግድግዳውን እንኳ አጥፋው!»

«ማጥፊያውም በሚዛን ነው።»

ወደ ግቢው ወጣሁና ጮህኩ። «እሾህ! ውጡ! እሾህ!» በረንዳዎቹ ላይ ያሉት ጎንበስ ብለው አዩኝ፤ ከዚያ አንዱ አወቀኝ።

«ድንበሩ ነው! በስንት እናካፍለው?»

«በመቶ!» አለች ሦስተኛ ፎቅ ያለች ሴት።

«እሾሁ የዓሣ ነው የጽጌረዳ?»

«ተውት፣ ክትፎ ሸቶት ነው! ና ውጣ ድንቡ፣ ለአንተ የሚሆን አይጠፋም!»

ሳቁ ከፎቅ ወደ ፎቅ ወረደ። ምድጃ የሚለኩስ ሰው ድምፅ ሰማሁ፤ ሰዓቱ ገና ነው፣ ግን ማን ይጠብቃል? አንድ፣ ሁለት፣ አራት። ተመልሼ ምድር ቤት ስገባ ግድግዳው የማያቋርጥ ቀጭን ድምፅ ማሰማት ጀምሯል። መዳፌን አሳረፍኩበት። ሞቅ ብሏል። ትኩስ አይደለም። ይህን የምለው ትኩስ ነው ማለት እየቻልኩ ነው።

ከግድግዳው ጎን ስልክ አለ። በዚያ ስልክ የተናገሩት ነገር ለዴስኩ ብቻ ሳይሆን በየፎቁም ይሰማል፤ ሐሜትና ቂም እንዳይሆን ተብሎ የወጣ ደንብ ነው። እስከዚያ ሰዓት ያልነካሁት ለዚህ ነው። ለአሥራ አንድ ሰዓት አሥራ አንድ ደቂቃ ሲቀር አነሳሁት።

«ማስለቀቂያ፣ ሸምሲያ ነኝ።»

«ድንበሩ ነኝ።»

በረንዳዎቹ ላይ ፉጨት ተነሳ። ሸምሲያ ተነፈሰች። «እሺ። ስንት ሺህ ነው አሁን?»

«አላውቅም» አልኩ። «ስድስት መቶ ይሆናል። ሊያንስም ይችላል።»

ስትመዘግብ ይሰማ የነበረው የጣቶቿ ድምፅ ቆመ። «እሾሁስ?»

«በዓይን አይታይም። በማጉያ ነው ያየሁት። እዚህ ግድግዳ ውስጥ ስለመኖሩ አላየሁም። ከዚሁ ጥቅል በተሠራ የባጃጅ ባትሪ ውስጥ ነው ያየሁት።»

«ጥቅሉ ምን ሆነ?»

«ተበላሽቷል።»

«ማን አበላሸው?»

በአሥራ ስድስት ሰው ልከፋፍለው እችል ነበር። አሜን ያሉትን በስማቸው መጥራት እችል ነበር። ከላይ እህቴ እየሰማች ነው፤ የማውቃቸው ሁሉ እየሰሙ ነው።

«እኔ» አልኩ። «መርቅልን አሉኝ። ሽማግሌ ነህ ሲሉኝ ደስ አለኝ። ጭንብሌን አንስቼ ተፋሁበት። ሦስት ጊዜ። ያን ክፍል የሠራሁት እኔ ነኝ እያልኩ አሥራ አምስት ዓመት ኖሬያለሁ፤ ምራቅ እዚያ ምን እንደሚያደርግ ግን አላሰብኩም። አለማወቅ ነው።»

አንድ ሰው ላይኛው ፎቅ ላይ ሳቀ። ብቻውን መሆኑን ሲያውቅ ተወው።

«ድንበሩ» አለች ሸምሲያ። ድምፅዋ የዴስክ ድምፅ አልነበረም። «አርባ ዓመት አውቅሃለሁ። አንተ ያነስክበት ወሬ አውርተህልኝ ታውቃለህ?»

«አላውቅም።»

«አንድም ቀን?»

«አንድም ቀን።»

ዴስኩ ላይ የእጅ ቁልፍ አለ። ሚዛን ሳይሞላ ደወሉን ማስጮኽ የሚችለው እሱ ብቻ ነው። የጫነው ሰው ከተሳሳተ ሚዛኑ ለዕድሜ ልኩ ዜሮ ይሆናል፤ ከዚያ ወዲያ የእሱ ቤት ቢነድ እንኳ ማንም አይሰማውም። የዴስክ ሠራተኞች ሲቀጠሩ ያሳዩዋቸዋል፣ ከዚያ ይሸፈናል። ክዳኑ ሲነሳ ሰማሁ።

ደወሉ ጮኸ።

ስድስት መቶ ሰው ደረጃ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ ጩኸት አይደለም። ማንም አይጮኽም፤ ተምረውታል። የእግር ድምፅ ነው፣ እንደ በረዶ ዝናብ። በአራት ደቂቃ ምድጃ የሚያጠፋ የለም፤ ሁሉም እንደተለኮሰ ቀረ። ውብርስትን ሁለት አማቾቿ ከነወንበሯ አወረዷት። በአጠገቤ ሲያልፉ አየችኝ። አልሰደበችኝም። እንድትሰድበኝ እየጠበቅሁ ነበር።

ከብሎኩ ማዶ ባለው የኳስ ሜዳ ላይ ቆምን። የእሳት አደጋ መኪናው ርቆ ቆመ። ደንቡ ሁለት ሰዓት ነው፤ ሁለት ሰዓት ማንም ወደ ሕንፃው አይጠጋም፣ ከዚያ ባለሙያ ገብቶ ግድግዳውን ከፍቶ ያያል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሆነ። ሕንፃው ቆሟል። መስኮቶቹ በርተዋል።

አሥራ አንድ ከሩብ። አንድ ሰው «ጎመኑ አረረ» አለ። ማንም አልሳቀም።

አሥራ አንድ ተኩል። ሕፃናት ማልቀስ ጀመሩ። ነፋሱ በረደ። መጀመሪያ በቀስታ፣ ቀጥሎ እንድሰማው ተብሎ ይወራል። «ሴትዮዋን አሳሳታት።» «እንደ ልማዱ ነው፤ ዘንድሮ ደግሞ በትሕትና መጣ።» «እስቲ ሁለት ሰዓቱ ይሙላ፣ ከዚያ እሱን…» ሌላው ምን እንደሚያደርጉኝ በዝርዝር ተናገረ።

ሸምሲያ በእግሯ መጣች። ዴስኩን ለምትተካት አስረክባ ነው። አጠገቤ ቆመች፤ ከሰው ሁሉ ያኔ አጠገቤ የቆመችው እሷ ብቻ ናት። እጇን ብብቷ ውስጥ ከትታዋለች።

«ዜሮ መሆን ምን ይመስላል?» አለችኝ ሕንፃውን እያየች።

«እኔ እኮ ዜሮ ሆኜ አላውቅም። አራት መቶኛ ነኝ።»

«አንተ እንዲህ ባትሆን…» አለችና ተወችው። «ልጄ አራስ ናት። ከእንግዲህ ቤቷ ውስጥ ምንም ቢፈጠር እኔ ማስጠንቀቅ አልችልም። ገባህ?»

ገባኝ።

አሥራ አንድ ከአርባ ሆነ። ስድስት መቶ ሰው ጀርባዬን ያያል። ሸምሲያ ሰዓቷን አታይም፤ እኔ ግን በየደቂቃው አያለሁ። ያኔ ነው የጀመርኩት። በከንፈሬ ነው፣ ድምፅ የለውም። ንደድ፣ አልኩ። መጀመሪያ ለሸምሲያ ብዬ ነበር። ቀጥሎ ለእሷ አልነበረም። ንደድ፣ እባክህ ንደድ። የእህቴ ቤት አለ፤ የሟች ባሏ ፎቶ አለ፤ ለልጇ ሠርግ ያስቀመጠችው አለ። አውቃለሁ። ንደድ። አንድ ጊዜ እንኳ እንደተናገርኩት ይሁንልኝ። ሰው ለዝናብ እንኳ እንደዚያ ለምኖ አያውቅም፤ ይህን ሳላጋንን ነው የምለው።

አሥራ አንድ ከአርባ ሰባት ላይ ግድግዳው ትንሽ ድምፅ አሰማ። ጠስ። የደረቀ እንጨት በእግር ሲሰበር እንደሚያሰማው ያለ ነው። ከዚያ ምድር ቤቱ ነጣ። ነበልባል አልነበረም፤ ንጣት ነው፤ ዓይን አይችለውም። አንደኛ ፎቅ፣ ሁለተኛ ፎቅ። መስታወቶቹ በተራ ረገፉ። ሰባተኛ ፎቅ ለመድረስ ስድስት ደቂቃ ፈጀበት። እኔ ነኝ የቆጠርኩት።

ሸምሲያ ሣሩ ላይ ተቀመጠች። ሰዎች የየቤተሰባቸውን ስም መጥራት ጀመሩ። አንድም የጎደለ አልነበረም፤ ስድስት መቶ ሠላሳ አንድ ሰው ተቆጠረ። ከዚያ በኋላ ነው ጩኸቱ የመጣው፤ የቤቱ ጩኸት። ጥቂቶቹ ወደ እኔ መጡ፤ ከመጡት አንዱ ሊመታኝ እጁን አንስቶ ወዲያው አቀፈኝ፤ ሌላው ሊያቅፈኝ መጥቶ ገፈተረኝ። የትኛው ትክክል እንደሆነ እነሱም አላወቁም።

ፊቴን በሁለት እጄ ሸፈንኩ። ትከሻዬ ይርገፈገፍ ነበር። ከንፈሬ ከመዳፌ ስር በራሱ ለሳቅ ተከፍቶ ነበር፤ ልዘጋው አልቻልኩም።

ውብርስት ወንበሯን አስጠግታ ክንዴን ያዘችኝ። መዳፏ ቅቤ ቅቤ ይሸታል። ከኋላዋ ቤቷ ይነዳል።

«አይዞህ» አለችኝ። «ሰው ከተረፈ ሌላው ይመጣል። አታልቅስ፣ ወንድሜ።»

እጄን ከፊቴ አላነሳሁም።